ቁጥር ሁለት መዶሻ

የካቲት 3

“የላክኸውን መዶሻ ከእጀታው አውልቄ ከውዳቂው ብረት ጋር ጥዬዋለሁ። ከእንግዲህ በእጅህ የሠራኸውን ነገር አትላክልን።”

ይህን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እህቴ። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፤ ያጎደልሁት ፊደል የለም። ሌላ የተጻፈ ነገር ስላጣሁ ወረቀቱን አዙሬ ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው።

አስቀድሜ እንደምን ከረማችሁ ማለት ነበረብኝ። እንደምን ከረማችሁ? ጤና ከቤታችሁ፣ ሥራ ከእጃችሁ አይጥፋ። ጋሼን እጅ ንሺልኝ። ይህን ካልሁ ወጉ ሞልቷል፤ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ያ መዶሻ እንዴት እንደተሠራ የምታውቂ አልመሰለኝም። እዚህ ባሕር ማዶ ከተከራየነው ቤት ጀርባ ለመኪና ማቆሚያ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። መኪናዬን አስወጥቻታለሁ፣ ውጭ ታድራለች፤ ባለቤቴ በየጠዋቱ የመኪናዋን መስታወት እየጠረገች ስለ እኔ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ከአሮጌ ቸርኬ ምድጃ ሠራሁ። ወናፌ የፀጉር ማድረቂያ ነው። ብረት የምቀጠቅጥበት መስፌ ክንድ የሚያህል የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፤ ግንድ ላይ ቸንክሬዋለሁ። አባትሽ፣ ወላጆቼ ሲሞቱ ወስደው ያሳደጉኝ ጋሼ፣ በአንጥረኛ ቤታቸው አንድም የተገዛ መሣሪያ አልነበራቸውም። እኔም እንደዚያው ልሁን አልሁ። የጋለ ብረት ለመያዝ ጉጠት አስፈለገኝ፤ ጉጠቱን ሠራሁ። የመዶሻውን የእጀታ ቀዳዳ ለመብሳት መብሻ አስፈለገኝ፤ መብሻውን ሠራሁ። ሦስት ጊዜ ተጣመመብኝ፤ በአራተኛው ቀና። ከዚያ በኋላ ነው ከጭነት መኪና አክስል የቆረጥሁትን ብረት መዶሻ ያደረግሁት። አሥራ አንድ ቅዳሜ ፈጅቷል።

እንግዲህ እጀታ ሳላስገባ የመዶሻውን ራስ ብቻ ላክሁላችሁ። ጋሼ በስልክ “ደርሶኛል፣ እጅህን ይባርከው” አሉ። ከሦስት ወር በኋላ የአንቺ ሁለት መስመር መጣ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መዶሻው ምን ሆነ? ይጣል ብሎ የወሰነው ማን ነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ጋሼ? እጀታውን ያስገባው ማን ነው? ስልክ ስደውል “መስመሩ አይሰማም” ብለሽ ስለምትዘጊ በጽሑፍ መልሺልኝ። እኔ እንጀራዬ የሰው ሥራ መመርመር ነው። ቀኑን ሙሉ ከፋብሪካው የሚወጣውን ብረት እያየሁ የማይሆነውን እጥላለሁ። አንድ ብረት ስጥል ግን ለምን እንደጣልሁት ጽፌ እፈርማለሁ። ከአንቺ የምፈልገው ከዚያ የበለጠ አይደለም።

ወንድምሽ

—

መጋቢት 21

ለወንድሜ ለመርማሪው፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? እኛ አለን፤ ክፉ አይንካችሁ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አላምንሽም ትል ይሆናል፤ በል።

እጀታውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ ብለህ ነው? አባባ ብረቱን፣ እኔ እንጨቱን፤ አንተ ሳትሄድም እንደዚሁ ነበር። ወይራ ነው። ለአባባ መዳፍ ልክ እንዲሆን መሐሉን ትንሽ አቅጥኜ፣ ጫፉን አወፍሬ፣ በሰባራ ጠርሙስ ፍቄ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። ምንም አልሆነም፤ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አለ። የቀረውን ጥያቄህን እለፈው።

አባባ በጣም ሰላም ብለውሃል። ሥራ ቀነስ አድርገዋል። እኔ ስመታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ሳያዩ “አሁን በጎኑ መታሽው” ይሉኛል። አይሳሳቱም። ትናንት አንድ ደንበኛ መጥቶ “ልጅቷ ናት እንዴ አሁን አለቃዋ?” ሲላቸው፣ “እኔን ጡረታ አውጥታኛለች፣ ደመወዙን ግን አልጀመረችም” አሉት።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ባለወፍራም መስታወት የሥራ መነጽር፣ ጎኑም የተሸፈነ ከተገኘ፣ ሁለት ላክልን። አባባ “ስንኖር ያለሱ ነው የኖርነው” ይላሉ፤ አንተ አትስማቸው። ከዚያ ሌላ የምንፈልገው የለም። መሣሪያ አትላክ ያልኩት እንዳለ ነው።

እህትህ

—

ሚያዝያ 6

ለእህቴ፣

ለሰላምታሽ ምስጋናዬ ይድረስሽ። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን፤ እናንተንም ደህና ያድርጋችሁ። ሁለቱ መነጽሮች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልከዋል። መስታወታቸውን ድብልብል ብረት ከላይ እየጣልሁ ራሴ ፈትኜዋለሁ። ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው ጥንቃቄ መጀመራቸው ደስ ብሎኛል።

የቀረው ደብዳቤሽ ግን አላስደሰተኝም። ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ አንዱን መልሰሽ ሁለቱን “እለፈው” አልሽ። አላልፈውም። ደግሞም ሳትነግሪኝ ደርሼበታለሁ።

መዶሻው እጃችሁ የገባው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ኅዳር ሳይጋመስ ሥራ እንደጀመረ ጋሼ በስልክ ነግረውኛል። ስለዚህ እጀታውን ለመጥረብና ለማድረቅ የነበረሽ ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ወይራ ደግሞ ተቆርጦ በጥላ ሥር ዓመት ካልቆየ አይታመንም። እርጥቡን እንጨት አስገባሽ፤ ከምድጃው አጠገብ ደረቀና ተሰበሰበ፤ ሽብልቁ ላላ፤ ራሱ ወልቆ በረረ። ምን እንደሰበረ አላውቅም፤ መስኮት ወይም የደንበኛ ዕቃ ይሆናል። አንቺም አፍረሽ ጥፋቱን በብረቱ አሳበብሽ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ ትቸኩያለሽ። ለትልቁ መዶሻ እርጥብ እጀታ አስገብተሽ፣ በሦስተኛው ቀን ወልቆ የጋሼን የውሃ በርሜል የበሳው ማን ነበር? ያን ጊዜ “እኔ ነኝ ያስገባሁት” ብዬ የተመታሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። የሰው ጥፋት የምሸከምበት ጀርባ የለኝም።

መዶሻውን ከውዳቂው ውስጥ አውጥተሽ ከነእጀታው ላኪልኝ። እኔው መርምሬ ውጤቱን አንድ ቅጂ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ

—

ግንቦት 2

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ሰላም ለቤትህ። ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ።

መዶሻውን አልልክልህም፤ ለፖስታ ይከብዳል። የሚመረመረውን ግን ልኬልሃለሁ። ከዚህ ወረቀት ግርጌ በፕላስተር የለጠፍኳትን ቅንጣት ብረት ተመልከታት። የምስር ፍሬ ታህላለች። ከአባባ ግራ ዓይን የወጣችው እሷ ናት።

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ጠዋት ነው። ለአንድ በር ሠሪ ማጠፊያ እየሠራን ነበር። እኔ በጉጠት ይዣለሁ፣ አባባ ባንተ መዶሻ ይመታሉ። በጣም ወደውት ነበር። ሚዛኑን አይተው “ይሄ ልጅ እጁ ቀልጥፏል” እያሉ ላየው ለገባው ሁሉ በጎኑ ያተምክበትን 2 ቁጥር ያሳዩ ነበር። ብረቱ ከጉጠቴ ትንሽ ሸሸት አለ። የመዶሻው ጠርዝ መስፉን አገኘው። ጠቅ አለ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም። አባባ መዶሻውን ቀስ ብለው አስቀመጡና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

“ምነው?” አልኳቸው።

“ብልጭታ ገባብኝ መሰለኝ። ማጠፊያውን አታቀዝቅዢው፣ ጨርሺው።”

ጨረስኩት። ወንድሜ፣ ማጠፊያውን ጨረስኩት። ዞር ስል እጃቸው በደም ተሞልቷል።

ሐኪሙ ቅንጣቷን አወጣት፤ ብርሃኑን ግን ሊመልሰው አልቻለም። አባባ በግራ ዓይናቸው አያዩም። በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም፤ መዶሻ ሲያነሱ የሚያርፈው እሳቸው ካሰቡት ቦታ አይደለም። ስለዚህ ነው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡት።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ መጀመሪያ ያሉኝ፣ “ለልጁ እንዳትጽፊ” ነው።

“ለምን?”

“ብረት መሥራቱን ይተዋል።”

እኔም ቃል ገባሁላቸውና ዝም አልኩ። ጥር ላይ ግን ለባለቤትህ ዘመድ “ሁለተኛ ዕቃ ላዘጋጅላቸው ነው” ማለትህን ሰማሁ። ከማንም ሳልማከር ያንን ሁለት መስመር ጻፍኩልህ። ክፉ አጻጻፍ ነበር። ደግ አድርጌ ብጽፈው ሁሉንም እነግርህ ነበር።

ያኔም ቢሆን አንተን ብቻ አልነበረም የጠረጠርኩት። ብረቱ የሸሸው በእኔ ጉጠት ነው። ስድስት ወር ሙሉ “በደንብ ይዤው ቢሆንስ?” እያልኩ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤህ ሲመጣ ደግሞ፣ ከግድግዳው ላይ እጀታውን አውርጄ በመጥረቢያ ሰነጠቅኩት። ውስጡን ለማየት ነው። አጥንት የመሰለ ደረቅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ቆርጬ ለአባባ ብዬ ያስቀመጥኩት እንጨት ነው።

በርሜሉን አልረሳሁም። የተመታህልኝንም አልረሳሁም።

እህትህ

—

ሐምሌ 9

ለእህቴ፣

ጤናሽን፣ የጋሼንም ጤና እመኛለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። አምስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። አምስቱም ላይ መጀመሪያ ያስቀመጥሁት የራሴን ሰበብ ነበር። በዚህኛው መጀመሪያ የማስቀምጠው አንቺን ነው። እንጨትሽ ደረቅ ነበር። ሥራሽን ሳላይ ፈረድሁብሽ፤ ያንን እጀታ ያሰነጠቅሁሽ እኔ ነኝ። ጉጠትሽም ምንም አላጠፋም። ብረት ከጉጠት በቀን አሥር ጊዜ ይሸሻል፤ መዶሻም በቀን አሥር ጊዜ መስፍ ይነካል። ደህና መዶሻ ቢነካው ጠርዙ ይጎደጉዳል እንጂ ተሸርፎ አይፈነጠርም።

ቅንጣቷን ሥራ ቦታ በማጉያ አየኋት። ስብራቷ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ከሌላ ሰው እጅ መጥታ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ “አልለዘበም፣ ይጣል” ብዬ እፈርም ነበር።

ጋሼ ያስተማሩንን ታስታውሻለሽ። ብረት ቀልቶ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ መልሶ በቀስታ እያሞቁ ማለዘብ ያስፈልጋል። እሳቸው “ንዴቱን ማብረድ” ይሉት ነበር። እኔ ይህን የማደርገው በባለቤቴ የምግብ ምድጃ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት አቆይቼ፣ አውጥቼ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ሁለት ሰዓት። ለእናንተ የላክሁትን ግን አርባ ደቂቃ ነው ያቆየሁት። መዶሻውን የሚያመጣላችሁ የሥራ ባልደረባዬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤቱ ይወጣ ነበር። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ገና ምድጃውን እያየሁ ነበር። “ይበቃዋል” አልሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሠራተኛ “ይበቃዋል” ሲለኝ ሥራውን መልሼበታለሁ።

ከዚያ የሚብሰው ይህ ነው። ውሃ ውስጥ ስነክረው አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቲክ አለ። ብረት ሲሰነጠቅ እንደዚያ ነው የሚለው። “ባልዲው ነው” አልሁ። ባልዲዬ የፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ እንደዚያ እንደማይል አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

መደርደሪያዬ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። በሥራዬ የምጠቀምበት ነው። ብረት ላይ ቀብተሽ ስትጠርጊው፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩ እዚያ ውስጥ ቀርቶ ያጋልጠዋል። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የማላውቀው ሰው መኪና ላይ ለሚገባ ብሎን በየቀኑ እቀባለሁ። ጋሼ ለሚይዙት መዶሻ አልቀባሁም፤ ብቀባ የማየውን ፈርቼ ነው።

ይህን ለጋሼ አንብቢላቸው። አንድ መስመር አትዝለዪ።

ክፍሏን ቆልፌአታለሁ። መኪናዬን መልሼ አስገብቻለሁ። ባለቤቴ ምክንያቱን ጠይቃኝ “ብርድ ሆነ” አልኋት። ወሩ ሐምሌ ነው፤ እዚህ ግለቱ አያስቀምጥም።

ወንድምሽ

—

ነሐሴ 14

ለወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ጤናህን ይጠብቅልህ። ደብዳቤህን ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። በመጀመሪያው “ድገሚው” አሉኝ። በሁለተኛው የፕላስቲኩ ባልዲ ላይ ስደርስ ሳቁ፤ “ተምሮ ተምሮ ባልዲ ላይ ያሳብባል?” አሉ። ቀጥሎ የሆነውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።

“ሰምቼዋለሁ እኮ” አሉኝ።

“ምኑን?”

“መዶሻውን። የመጣ ዕለት በሽቦ አንጠልጥዬ መታሁት።”

ከሌላ ሰው እጅ የመጣ ብረት ሁሉ፣ ሥራ ሳይነካ እንደዚያ እንደሚደረግ አንተም ታውቃለህ። አንጠልጥለው በሚስማር ነካ ያደርጉታል፤ ድምፁ ጠርቶ ካልቆየ ተመልሶ እሳት ይገባል። የገዛ አባታቸው የሠሩት እንኳ ሲመጣ አልዘለሉትም።

“ታዲያ ምን አለ?” አልኳቸው።

“አጭር ነበር። ፊቱንም በሞረድ ሞከርኩት፤ ሞረዱ ተንሸራተተበት። ንዴቱ አልበረደም ነበር።”

“ታዲያ ለምን እሳት ውስጥ አልመለሱትም? ግማሽ ቀን ነው!”

“ብመልሰው የእኔ ሥራ ይሆናል” አሉኝ። “የልጁ ሥራ ሆኖ እንዲቆይ ፈለግኩ። በሰላሳ ዓመት አንድ ነገር በእጁ ሠርቶ ላከልኝ፤ እንዴት አርሜ ልጠቀምበት?”

መዶሻዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አንዱ እየሰማ ይልካል፣ ሌላው እየሰማ ይመታበታል፤ እኔ በመሀል ቆሜ ዘጠኝ ወር ጉጠቴን ስረግም ከርሜያለሁ። ስመለስ ይህንኑ ነገርኳቸው። “እውነትሽን ነው” አሉ።

አሁን ጻፊ ያሉኝን ልጻፍ። አንደኛ፣ “ምንም አላጠፋህም፤ ጥፋቱ የደረሰው በእኔ ቤት ነው” በይው ብለዋል። ሁለተኛ፣ ክፍሏን ክፈታት ብለዋል፤ “ምድጃ ተቆልፎ መኪና ይሞቃል እንዴ?” ነው ያሉት። ሦስተኛ የሚጠይቁህ ነገር አለ። “መዶሻው ላይ 2 ተብሎ ታትሟል። ሁለት ካለ አንድ አለ። የመጀመሪያው ለመለማመጃ የሠራው፣ የተበላሸበት መሆን አለበት፤ አፍሮበት ይሆናል የተሻለውን የላከልኝ። አይፈር። የመጀመሪያውን ላክልኝ በይው፣ ከነጥፋቱ ልየው። በጣቴ ዳስሼ የት እንደተሳሳተ እነግረዋለሁ።”

ያሉት ይኸው ነው። እኔ አልጨመርኩበትም።

እህትህ

—

መስከረም 18

ለእህቴ፣ ለጋሼም በአንድነት፣

ሰላም ለሁለታችሁ ይሁን፤ እጃችሁ ከሥራ፣ ቤታችሁ ከሳቅ አይለይ። ይህንን ደብዳቤ አንቺ ስታነቢው ጋሼ ፊት ለፊትሽ ይቀመጡ፤ የምጽፈው ለሁለታችሁ ነው።

ቁጥር አንድ አልተበላሸም። ይህን ነው በሐምሌው ደብዳቤዬ ላይ የዘለልሁት። ሌላውን ሁሉ ጽፌ፣ ይህንን ዘልዬ ፖስታውን አሸግሁ።

ሁለቱን መዶሻ ከአንድ አክስል ነው የቆረጥኋቸው። አንዱን ሳምንት ቀድሜ ጨረስሁት። ሲነከር ዝም አለ። ምድጃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሁለት ሰዓት ቆየ። ቀይ ቀለሙንም ቀባሁት፤ ንጹሕ ነው። በሽቦ አንጠልጥዬ ስመታው ድምፁ ባለቤቴን ከሳሎን አስነስቶ “የማነው ደወል?” አስብሏታል። እጀታ አስገባሁለት። ሁለተኛውን የነከርሁት ግን ሰውየው በሚሄድበት ዕለት ነው።

ያን ዕለት ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። የትኛው ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያጠራጥር አውቅ ነበር። “አንደኛው እጀታ ገብቶለታል፤ ሻንጣ አይበቃውም” አልሁ። እጀታ ይወልቃል፤ አንቺ የእኔን ለማውለቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀብሽም። እውነቱ፣ ወደድሁት። እጄ ለመደው። ለራሴ አስቀረሁትና የሚያጠራጥረውን ላሳደጉኝ ሰው ላክሁ። ጋሼም የተሻለውን የላክሁ መስሏቸው ለገባ ለወጣው ቁጥሩን ያሳዩ ነበር።

ስለዚህ “ምንም አላጠፋህም” የሚለውን አልቀበልም። ጋሼ፣ ይቅርታዎን የሰጡት ለማያውቁት ጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለውን ይቅርታ የመቀበል መብት የለኝም። እርስዎ ሳያርሙ መምታትዎ የእርስዎ ጥፋት ነው፤ እርስዎም እህቴም ተነጋገሩበት። የእኔን ግን በእርስዎ አይሸፍኑልኝ። በርሜሉ በተበሳ ጊዜ እኔ ተመትቼ እህቴ ዳነች፤ በኋላ እውነቱን ሲሰሙ ለሁለተኛ ጊዜ መቱኝ፣ “ውሸትህ ከበርሜሉ ይብሳል” ብለው። ያ ሰው የት ሄደ?

ክፍሏን ከፍቻለሁ። መኪናዋ ውጭ ናት። ትናንት ቁጥር አንድን ከእጀታው አወለቅሁት። ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል፤ ራሱን ብቻ። እጀታውን እህቴ ትጠርብለታለች፤ የፈለገችውን እንጨት፣ የፈለገችውን ያህል ጊዜ ወስዳ። ልኩ ለእሷ መዳፍ ይሁን። የምትመታው እሷ ናት።

ማንም ግን ሳይመረምር አይምታበት። ጋሼ በሽቦ ያንጠልጥሉት፣ በሚስማር ይንኩት፣ ፊቱን በሞረድ ይሞክሩት። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም፤ ጆሮና እጅ ይበቃል። የማያስተማምን ከሆነ ሳይጠይቁኝ እሳት ይግባ። የእኔ ሥራ ሆኖ እንዲቆይ አልፈልግም። ደህና ሆኖ እንዲቆይ ነው የምፈልገው። ቁጥር ሁለትን ከውዳቂው አውጥታችሁ መልሱልኝ፤ ከባድ ቢሆንም ላኩት። መስፌ አጠገብ፣ የማየው ቦታ ላይ ይሰቀላል።

ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጋሼ ቁጥር አንድን ሲመቱት ምን ሰሙ? ሁለተኛ፣ አሁን ሁሉንም ካወቁ በኋላ ጥፋቴ ምን እንደሆነ በገዛ ቃላቸው ይናገሩ፤ አንቺ ሳታለዝቢ ጻፊው። “ደህና ነው፣ እርሳው” የሚል ደብዳቤ ከመጣ እመልሰዋለሁ። በስልክ አልቀበልም። መልሱ ያ ጠዋት ዓመት ከሚሞላበት ከኅዳር 12 ቀን ሳያልፍ በእጄ ይግባ።

ወንድምሽ፣ ልጅዎም